«ጠጅ አሳላፊ» ወይስ «ፒንኬርኔስ»? በአንድ የቃል ፍቺ ላይ የቀረበ ሂስ

ለመካከለኛው ዘመን ታሪክ ትምህርት የሚያገለግሉ ቃላትን አሰባስቦ የፈታ አንድ ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶን ተመልክተነዋል። አዘጋጁ የደከሙበት ሥራ መሆኑ ከገጽ ገጽ ይታያል፤ ብዙዎቹንም ፍቺዎች ያለ ክርክር እንቀበላቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ ሂስ የምናቀርበው በአንዲት ቃል ላይ ብቻ ነው። ለአንዲት ቃል ይህን ያህል ገጽ መስጠት የበዛ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በእርስዋ ላይ የተፈጸመው ስሕተት በሌሎች የማዕረግ ስሞችም ላይ ተደጋግሞ ስላገኘነው፣ አንዱን በሚገባ መርምሮ ማሳየት ሁሉንም ላይ ላዩን ከመንካት ይሻላል ብለናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ፒንኬርኔስ፤ በቢዛንታይን ቤተ መንግሥት የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ።» ፍቺው በዚሁ ያበቃል። ከሥር ለአብነት የቀረበው ዓረፍተ ነገር ደግሞ በ1293 ጠጅ አሳላፊው አሌክሲዮስ ፊላንትሮፔኖስ በትንሹ እስያ ሠራዊት እየመራ ቱርኮችን እንደ ወጋ ይናገራል። ይህን ያነበበ አንድ ባልደረባችን «ታዲያ በዚያን ጊዜ ጠጁን ማን አሳለፈ?» ሲል ጠይቋል። ጥያቄው ለፈገግታ የተጣለ ቢሆንም ሂሳችን የሚነሣው ከዚሁ ነው። ፍቺውና አብነቱ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ ተማሪውም ከሁለት አንዱን ሐሰት ነው ብሎ ለማለፍ ይገደዳል።

አስቀድመን ለአዘጋጁ የሚገባቸውን እንስጥ። «ጠጅ አሳላፊ» ከሜዳ የተነሣ ቃል አይደለም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40 ከዮሴፍ ጋር የታሰረው የፈርዖን ሹም፣ በመጽሐፈ ነህምያም ነህምያ ራሱ፣ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ስለዚህ ቃሉ ለአንባቢው እንግዳ አይሆንም። ረቂቁን ካዩት አንዳንዶቹ «የቁስጥንጥንያ ሰዎች የማር ጠጅ አይጠጡም ነበርና ቃሉ ከሥሩ የተበላሸ ነው» የሚል ተቃውሞ አንሥተው ነበር። ይህን ተቃውሞ አንቀበለውም። በአማርኛ ጠጅ የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር የማሩን እንደሚያስታውስ አይካድም፤ ነገር ግን «የማር ጠጅ»፣ «የወይን ጠጅ» እያልን ስንለይ ጠጅ የጠቅላላው ስም ሆኖ ያገለግላል። ወይንን «የወይን ጠጅ» የሚል ቋንቋ፣ ወይን የሚያቀርበውን ሰው «ጠጅ አሳላፊ» ቢል ነውር የለበትም።

ችግሩ ያለው በስሙ ሳይሆን በግሡ ላይ ነው። ሦስት ግሦችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የግሪኩ ሰባ ሊቃናት ትርጉም የፈርዖንን ሹም የሚጠራበት ቃል ከ«ኦይኖኾኦስ» የወጣ ሲሆን፣ ይህም «ወይን የሚያፈስ» ማለት ነው፤ ግሡ መቅዳት ነው። «ፒንኬርኔስ» ግን የሚዛመደው ወይንን ከውሃ ጋር ማደባለቅን ከሚያመለክተው የግሪክ ግሥ ጋር ነው፤ ግሡ መበረዝ ነው። የላቲኑም መጽሐፍ ቅዱስ የፈርዖንን ሹም የሚጠራው በዚሁ ቃል፣ «ፒንኬርና» ብሎ ነው። የእኛው «አሳላፊ» ደግሞ ከማሳለፍ የተገኘ ነው፤ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ እንዲያልፍ የሚያደርግ ሰው ነው። አንዱ ቀጂ፣ አንዱ በራዥ፣ አንዱ አቀባይ ነው። ሦስቱ ሥራዎች በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ቢችሉም እያንዳንዱ ቋንቋ ስሙን ያወጣው ዓይኑን ከሳበው ድርጊት ላይ ነው፤ መዝገበ ቃላትም ይህን ልዩነት ሊያሳይ ይገባዋል።

ግሪኮች መበረዙን የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወይንን ያለ ውሃ መጠጣት በጥንቱ ግሪክ ዘንድ የአረመኔ ጠባይ ይባል ነበር፤ ስንት እጅ ውሃ ከስንት እጅ ወይን ጋር እንደሚደባለቅ ማወቅ እንደ ዕውቀት ይቆጠር ነበር። ይህ ልማድ ወደ ምሥራቁ የሮም መንግሥት ወርዷል፤ ትኩስ ውሃ መጨመርም የተለመደ ነበር። በዚያው ሥርዓት የሚመሩት አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ በቅዳሴ ጊዜ ትኩስ ውሃ በጽዋው ላይ ይጨምራሉ። ስለዚህ ፒንኬርኔስ በመነሻው ማንኪያውንና መጠኑን የሚያውቅ ሰው ነው እንጂ ዋንጫ ተሸካሚ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። የክሬሞናው ጳጳስ ልዩትፕራንድ በ968 ወደ ዳግማዊ ኒኬፎሮስ ፎካስ በመልእክተኛነት ሄዶ ሳለ የግሪኮች ወይን ዝፍት፣ ሙጫና ጄሶ የተደባለቀበት ስለሆነ ሊጠጣው እንዳልቻለ በምሬት ጽፏል። ረቂቁ ይህን ለመበረዙ ማስረጃ አድርጎ በኅዳግ ጠቅሶታል፤ አይሆንም። ዝፍቱና ሙጫው ወይኑ ሲጠመቅና ሲቀመጥ የሚገባ ነው፤ የጠማቂው ሥራ ነው። የፒንኬርኔስ ድርሻ የሚጀምረው ወይኑ ወደ ማዕድ ሲቀርብ ነው። ልዩትፕራንድ የተነሣበት የፖለቲካ ቅሬታም ብርቱ ስለነበረ ምስክርነቱን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል።

ከቃል ጥናት አንጻር ሌላም ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 1 መጨረሻ ላይ ከጥንታውያኑ የግሪክ ብራናዎች አንዳንዶቹ ነህምያን «ኦይኖኾኦስ» ሲሉት ሌሎቹ «ኤውኑኾስ» ማለት ጃንደረባ ይሉታል። ሁለቱ ቃላት በጽሕፈት ስለሚቀራረቡ የጸሐፊ ስሕተት መሆኑ ይታመናል። ነገር ግን ስሕተቱ የመነጨው ከፊደል መመሳሰል ብቻ አይመስለንም። በምሥራቅ ቤተ መንግሥቶች ለንጉሥ መጠጥ የሚያቀርብ ሰው ጃንደረባ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ስለነበረ፣ ያን የጻፈው ሰው ዓይኑ ቢስት ልቡ አልተቃወመውም።

በቢዛንታይንም እንዲሁ ነበር። የቤተ መንግሥቱን ማዕረግ ለማወቅ ከሁሉ የሚጠቅመን ፊሎቴዎስ የተባለ ሹም በ899 በስድስተኛው ሊዮን ዘመን ያዘጋጀው «ክሌቶሮሎጊዮን» የተባለ ጽሑፍ ነው። ፊሎቴዎስ ሥራው አትሪክሊኔስ ነበረ፤ ማለትም ለግብር የተጠሩትን እንግዶች እንደየክብራቸው የሚያስቀምጥ። በእኛ ቤት አጋፋሪ ከሚሠራው ጋር የሚቀራረብ ነው። ጽሑፉም በመሠረቱ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚናገር መመሪያ ነው። የመንግሥት ሥርዓት ታሪክ ከግብር አስተናጋጅ ማስታወሻ መገኘቱ ሊያስገርመን አይገባም፤ ማዕድ ላይ የተሰጠ ቦታ የመንግሥቱ ሥዕል ነውና።

ፊሎቴዎስ ክብሮችን በሁለት ይከፍላል። የመጀመሪያዎቹ በሽልማት ምልክት፣ ማለትም በዝናር፣ በአንገት ጌጥ፣ በተጻፈ ሰሌዳና ይህን በመሰለው የሚሰጡ ናቸው፤ አንድ ጊዜ የተቀበለ ሰው ይዞአቸው ይኖራል። ሁለተኛዎቹ በንጉሡ ቃል ብቻ የሚሰጡ ሥራዎች ሲሆኑ፣ በቃል እንደ ተሰጡ በቃል ይወሰዳሉ፤ ከሰው ወደ ሰውም ያልፋሉ። ለዚህ ልዩነት አማርኛችን የተዘጋጁ ቃላት ስላሉት አዘጋጁ አለመጠቀማቸው አሳዝኖናል። የመጀመሪያው «ማዕረግ»፣ ሁለተኛው «ሹመት» ነው። «ሹም ሽር» የሚለው አነጋገራችን ለሁለተኛው እንጂ ለመጀመሪያው አይነገርም። በ899 የፒንኬርኔስ ቦታ የሚገኘው ለጃንደረቦች በተለዩት ሹመቶች ውስጥ ነው። ለንጉሡ አንድ፣ ለንግሥቲቱም አንድ ፒንኬርኔስ አለ፤ ከበታቻቸውም ቀጂዎች አሉ። ከጎናቸው የማዕዱ ኃላፊ፣ የልብስ ቤቱ አለቃና በንጉሡ መኝታ አጠገብ የሚያድረው ፓራኪሞሜኖስ ይጠቀሳሉ። በማዕረጎቹ ረድፍ ደግሞ በዕንቁ ባጌጠ የወርቅ ዕቃ ለንጉሡ የእጅ ውሃ የሚያቀርበው ኒፕሲስቲያሪዮስ አለ፤ ረቂቁ ይህን «የውሃ ሹም» ብሎታል። «አስታጣቢ» የሚል ቃል እያለን «የውሃ ሹም» ምን አመጣው? አንባቢ የቧንቧ ሥራ ሊመስለው ይችላል።

ሹመቱ ለጃንደረባ የተለየበት ምክንያት በፍቺው ውስጥ ሊገባ ይገባዋል። ጃንደረባ ዙፋን ሊወርስ አይችልም ተብሎ ይታመን ነበር፤ ልጅ ስለማይወልድም ለዘሩ የሚያስባት ርስተ መንግሥት የለችውም። ስለዚህ ንጉሡ በሚበላበት፣ በሚጠጣበትና በሚተኛበት ስፍራ የሚገባ ሰው ከእነርሱ ወገን ቢሆን ይመረጣል። ደንቡ ሲጣስ ምን እንደሚመጣ ያየው ሦስተኛው ሚካኤል ነው። ጃንደረባ ያልሆነውን መቄዶንያዊውን ባሲልን ፓራኪሞሜኖስ አደረገው፤ ያው ባሲል በመስከረም 867 ከግብር በኋላ በስካር በተኛበት አስገደለውና ነገሠ። «ጃንደረባ» ለሚለው የአማርኛ ቃል በዚህ ቦታ የተሻለ አቻ አናገኝለትም። «ስልብ» የአካሉን ጉዳት ብቻ ይናገራል፤ «ጃንደረባ» ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከምናውቀው የኢትዮጵያ ንግሥት ባለሟል የተነሣ ሹመትንና መታመንንም ያሰማል። ረቂቁ አንድ ጊዜ ይህን፣ አንድ ጊዜ ያን መጠቀሙ መታረም አለበት።

መታመን ካልን ዘንድ ጽዋውን የሚያቀርበው ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚታመንበት ነገር መርዝ ነው። ዮሐንስ ጽሚስኬስ በጥር 976 ሲሞት፣ በብርቱው ጃንደረባ በባሲል ሌካፔኖስ ተንኮል በመጠጥ መርዝ እንደ ተሰጠው በሰፊው ተወርቷል፤ ዜና ጸሐፊዎችም ወሬውን ተቀብለው ጽፈውታል። እውነት ይሁን በሽታ ብቻ ይሁን ለእኛ ጉዳይ ለውጥ አያመጣም፤ ሰዎች ንጉሥ በድንገት ሲሞት ዓይናቸውን ወደ ጽዋው ማቅናታቸው በቂ ነው። የእኛው አሳላፊ ከማቅረቡ በፊት ከጠጁ ጥቂት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ እንደነበረ የቤተ መንግሥቱን ግብር ያዩ ሁሉ ይናገራሉ። በዚህ በኩል «አሳላፊ» ከ«ቀጂ» ይልቅ ለፒንኬርኔስ ይቀርባል። ቀጂ ማንም ሊሆን ይችላል፤ አሳላፊ ግን በዕቃውና በጌታው መካከል ቆሞ በገዛ አካሉ ዋስ የሚሆን ሰው ነው። ለዚህ ነው ቃሉን ከነጭራሹ አውጡት የማንለው።

እስከዚህ ድረስ ረቂቁ ቢያጥር እንጂ አልሳተም። የሚስተው ከዚህ በኋላ ነው። ቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ (1081–1118) የማዕረጉን ሥርዓት ለዘመዶቹ በሚመች መንገድ አፍርሶ ከሠራው ወዲህ ብዙ የቆዩ ስሞች ትርጉማቸው ተለወጠ። በፓላዮሎጎሳውያን ዘመን ደግሞ ፒንኬርኔስ ጢም ላላቸው ለታላላቅ መሳፍንትና ለንጉሡ ዘመዶች የሚሰጥ ክብር ሆነ። ሹመት የነበረው ማዕረግ ሆነ ማለት ነው። አሌክሲዮስ ፊላንትሮፔኖስ ዳግማዊ አንድሮኒኮስ ወደ ትንሹ እስያ በላከው ጊዜ ፒንኬርኔስ ነበረ፤ በማያንድሮስ ሸለቆ ድል አደረገ፤ በ1295 ወታደሮቹ ገፋፍተውት አመፀ፤ በዚያው ዓመት ተይዞ ዓይኑን ታወረ። ይህ ሰው ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ዕውር ሆኖ ሳለ፣ በ1324 ፊላዴልፊያ በከበባ ስትጨነቅ ይታደጋት ዘንድ ተልኳል። ሌላው ዮሐንስ አንጌሎስ የዮሐንስ ካንታኩዜኖስ ዘመድ ሲሆን፣ ፒንኬርኔስ ተብሎ ከ1342 ጀምሮ በ1348 በወረርሽኝ እስኪሞት ድረስ ቴሳልያን አስተዳድሯል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱንም «ጠጅ አሳላፊ» ብለን ብንጽፍ፣ ቃላቱ የሚናገሩት አንድ ነገር፣ ታሪኩ የሚናገረው ሌላ ነገር ይሆናል። ጉዳቱ የባልደረባችን ቀልድ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ተማሪው ግን መንግሥቱ ጦሩን ለአሽከሮች የሰጠ የተበላሸ መንግሥት ነበረ ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ስለ ቢዛንታይን ለዘመናት የተነዛው ንቀት በአንዲት የፍቺ ስሕተት በኩል በአማርኛም ሥር ይሰዳል።

እንዲህ ያለው የትርጉም ጉዞ ለቁስጥንጥንያ ብቻ የተለየ አይደለም። በምዕራቡ የሮም ቅዱስ መንግሥት በ1356 የወጣው የወርቅ ማኅተም ድንጋጌ የቦሄምያን ንጉሥ የንጉሠ ነገሥቱ ዋና ጽዋ አቅራቢ ይለዋል፤ ራሱ ዘውድ የጫነ ንጉሥ ነው። በግብፅ ማምሉኮች ዘንድ «ሳቂ» የነበሩ አሚሮች የጽዋ ሥዕል ምልክታቸው አድርገው በዕቃና በሕንፃ ላይ ያስቀርጹ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ለአንባቢያችን የሚቀርበው ግን የራሳችን ቤት ምሳሌ ነው። «ብላቴን ጌታ» ቢተነተን የብላቴኖች አለቃ ማለት ነው። ሆኖም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1930ዎቹ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሲያገለግሉ ብላቴኖችን ይቆጣጠሩ ነበር የሚል የለም። አንድ የውጭ አገር ተርጓሚ ማዕረጋቸውን ቃል በቃል ገልብጦ «የአሽከሮች አዛዥ» ቢላቸው ቅር ይለን ነበር። እኛ በራሳችን ላይ እንዲደረግ የማንፈቅደውን በሌላው ታሪክ ላይ ማድረጋችን ነው።

ታዲያ ምን ይባል? ረቂቁን ከመረመሩት መካከል የግእዝ ስያሜ ይሰጠው ያሉ ነበሩ። የአማርኛው «ቀዳ» ከግእዙ «ቀድሐ» የመጣ ነውና «ቀዳሒ»፣ አለቃውም «ሊቀ ቀዳሕያን» ይባል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሌላው «ሰቀየ» ከሚለው ግሥ፣ ማለትም አጠጣ ከሚለው፣ ስም እንዲወጣ ጠይቋል፤ ይህ ግሥ ከላይ ከጠቀስነው ከዐረቡ «ሳቂ» ጋር አንድ ሥር መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ነው። «መጋቤ ወይን» ያለም አለ። እነዚህን ሁሉ ስንመዝን የመጀመሪያው በአሠራሩ እንከን የለውም፤ ግን ችግራችንን አይፈታም። «ሊቀ ቀዳሕያን» ከ«ጠጅ አሳላፊ» የሚለየው በድምፁ ክብደት እንጂ በትርጉሙ አይደለም፤ ቴሳልያን የሚገዛውን መስፍን አሁንም ቀጂ ይለዋል፤ ልዩነቱ በግእዝ መሆኑ ብቻ ነው። «መጋቤ» ደግሞ በቤተ ክርስቲያን «መጋቤ ሐዲስ»፣ «መጋቤ ምሥጢር» እየተባለ የተያዘ ስለሆነ ሰሚውን ወደ ቅኔ ማሕሌት ይወስደዋል። በአጠቃላይ ግእዝን ለአዲስ ስያሜ መጥራት መልካም ልማድ ቢሆንም፣ የሚጠራው ቃል ሲጎድል ነው እንጂ ሐሳቡ ሳይጠራ ለማስዋብ አይደለም።

የእኛ ሐሳብ ሥራውና ማዕረጉ በሁለት ስም እንዲጠሩ ነው። ስለ 9ኛውና 10ኛው ክፍለ ዘመን ሲነገር፣ ሰውየው በእርግጥ ጽዋ የሚያቀርብ ስለሆነ፣ «የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ» ይበቃል፤ ግሪክኛው በቅንፍ ሊከተል ይችላል። ስለ ኋለኛው ዘመን ሲነገር ግን የግሪኩ ስም በትውስትነት ይግባ፤ «ፒንኬርኔስ ዮሐንስ አንጌሎስ» ይባል፤ «ደጃዝማች እገሌ» እንደምንለው ሳይተረጎም ከሰውየው ስም ይቅደም። ደጃዝማችንም ቢሆን በየጊዜው ተንትነን አናነብም።

በአጻጻፉ ላይ ግን በመካከላችን ስምምነት አልተገኘም። በቢዛንታይን ዘመን የግሪኩ «ኤታ» ፊደል እንደ «ኢ» ይነበብ ስለነበረ፣ የከተማይቱ ሰዎች የሚሉት «ፒንጌርኒስ» ወደሚለው ይጠጋል። የቤተ መንግሥቱ ሰው ራሱን በማይጠራበት ድምፅ መጻፍ ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። በአንጻሩ የግእዝ ትውፊት በዚህ ነገር ወጥ አይደለም፤ «ዲሜጥሮስ» በሚለው ስም ውስጥ ያሉት ሁለት «ኤታዎች» አንዱ «ዲ»፣ ሁለተኛው «ሜ» ሆነው መግባታቸውን ማየት ይበቃል። ትውፊቱ ራሱ በአንድ ስም ውስጥ ሁለት መንገድ ከሄደ፣ አንባቢ በሌሎች መጻሕፍት ሊያገኘው የሚችለውን ቅርጽ መምረጥ ይሻላል ብለን «ፒንኬርኔስ»ን አቆይተናል። የተቃወሙት ወገኖች ሐሳብ በኅዳግ እንዲገባ ተስማምተናል።

በረቂቁ ምትክ እንዲገባ የምናቀርበው ፍቺ ይህ ነው፦

ፒንኬርኔስ (ስም፤ ከግሪክ፤ «ፒንጌርኒስ»ም ይባላል)። 1. በቢዛንታይን ቤተ መንግሥት በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሡን ወይም የንግሥቲቱን ወይን እየበረዘ የሚያቀርብ፣ ቀጂዎችን የሚያዝዝ ጃንደረባ ሹም፤ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ። 2. በኋለኛው ዘመን፣ በተለይ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ ከመጠጥ አገልግሎት ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ለመሳፍንትና ለጦር አዛዦች የሚሰጥ ከፍተኛ ማዕረግ፤ በዚህ ትርጉሙ አይተረጎምም። አሌክሲዮስ ፊላንትሮፔኖስን፣ ጃንደረባን፣ አስታጣቢን ተመልከት።